«ነገ ና» ከሚባለው ጎረቤታችን ጎን ማን ይቁም?

(በመረዳጃ ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከአባላት አንዱ ያደረጉት ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በስብሰባው ተወስኖ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ የወጣ ነው።)




ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ንግግር ጊዜ ለሰጡኝ ለሰብሳቢያችን ምስጋናዬን አቀርባለሁ። «አደራህን እንዳታስረዝም፤ ሰው ቡናውን ጥሎ ነው የመጣው» ብለውኛል። እሞክራለሁ። ነገር ግን ጉዳዩ ብዙ ቤት የሚያንኳኳ ስለሆነ ትንሽ ብዘገይ ይቅርታ እንደምታደርጉልኝ ተስፋ አለኝ።

ዛሬ የምናገረው በመካከላችን ስላሉ አካል ጉዳተኞችና የዕለት ጉርሳቸውን እንደምንም ስለሚያገኙ ጎረቤቶቻችን ነው። ነገሬ ግን ስለ ምጽዋት አይደለም። በዓል ሲደርስ እናዋጣለን፤ ዘይትና ዱቄት እናካፍላለን፤ ይኸም መልካም ነው፤ ይቀጥል። የዛሬው ጥያቄዬ ሌላ ነው። እነዚህ ጎረቤቶቻችን የሚገባቸውን ለመጠየቅ ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተቱ ከጎናቸው የሚቆም፣ ወረቀታቸውን የሚያስተካክል፣ አቤት ሲሉ አብሮ አቤት የሚል ሰው ከየት ያገኛሉ? ይኸ ነው ጥያቄው።

ይህን ጥያቄ ለምን እንደማነሣ ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ዕድሜዬን የፈጀሁት በመዝገብ ቤት ነው። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደ ነበረ መናገር አያስፈልግም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው በክራንች እየተደገፈ፣ ሊፍት በሌለበት ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እየወጣ ስለ ፋይሉ ይጠይቀኝ ነበር። እኔም ከወንበሬ ሳልነሣ «ገና አልተገኘም፤ ነገ ና» እለዋለሁ። ነገ ይመጣል። ላቡን ይጠርጋል፤ እንደገና ይጠይቃል፤ እንደገና «ነገ ና» ይባላል። ስድስት ጊዜ ይሁን ሰባት ጊዜ ከመጣ በኋላ ቀረ። እኔም በልቤ «ጉዳዩ አልቆለት ነው» አልኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ መሳቢያዬን ሳጸዳ ፋይሉን ከአሮጌ ጋዜጣ ሥር አገኘሁት። እኔው ዘንድ ነበር። ሰውየውን ላስፈልገው ብዬ ማመልከቻውን ብገልጠው ከስሙና ከሰፈሩ በቀር የቤት ቁጥርም ስልክም አልነበረበትም። እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ይህን የምነግራችሁ ንስሐ ለመግባት ብቻ አይደለም። በዚያው ሰሞን ሌላ ባለጉዳይ ነበር፤ እርሱ ዓይነ ስውር ነው፤ ከእኅቱ ጋር ይመጣል። እኅቱ ደብተር ይዛ «ስምዎን ማን ልበል? ዛሬ ስንት ቀን ነው? መቼ እንመለስ?» ትላለች፤ ትጽፋለች። የእርሱ ፋይል በሁለት ቀን ተገኘ። ሕጉ ያው ነው፤ መሥሪያ ቤቱም ያው ነው፤ እኔም ያው ሰው ነኝ። ልዩነቱ አንደኛው ብቻውን መምጣቱ፣ ሁለተኛው ግን ምስክርና ወረቀት ይዞ መምጣቱ ነበር። ሁለት ሆኖ ለመጣና የተባለውን ለሚጽፍ ሰው «ነገ ና» ማለት አፍ ይይዛል። ከመስኮቱ ወዲያ ሆኜ ያየሁት እውነት ይኸ ነው፤ ዛሬ ከመስኮቱ ወዲህ ሆኜ እነግራችኋለሁ።

እንግዲህ በአገራችን «ደጅ ጥናት» የሚባል የቆየ ልማድ እንደ ነበረ ታላላቆቻችን ያውቃሉ። ሰው ከባለሥልጣን ደጅ ወር፣ ዓመት ይቆማል፤ ዓይን እስኪያርፍበት ይጠብቃል። ልማዱ ቀረ ቢባልም መንፈሱ አሁንም አለ። ድሀው ጎረቤታችን ወደ ቢሮ ሲሄድ መብቱን ሊጠይቅ ሳይሆን ውለታ ሊለምን የሚሄድ ይመስለዋል። ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ «ጌታዬ እባክዎ» ይላል። «የለም» ሲሉት «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ይመለሳል። ዝምታ ባይነቅዝም እኮ የሰው ጉዳይ ይነቅዛል! ቀን ያልፍበታል፤ ይርጋ ያግደዋል፤ ዝርዝሩ ይዘጋል።

ለመሆኑ መብት አለ ወይ? አለ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ለቀሩ ሕፃናት ማቋቋሚያና ርዳታ እንደሚሰጥ ይደነግጋል። በአንቀጽ 37 ደግሞ ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዳለው፣ ማኅበራትም ስለ አባሎቻቸው ሆነው ሊያቀርቡ እንደሚችሉ ይናገራል። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላዋለች። ስለዚህ ጎረቤታችን ወደ መስኮቱ ሲጠጋ ባዶ እጁን አይደለም፤ ሕግ ይዞ ነው። የጎደለው ሕጉን የሚያነብለትና አብሮት የሚሄድ ሰው ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ ልግባ። የት ይኬዳል? ማን ይረዳል? ደረጃ በደረጃ እናገራለሁ፤ የሚጽፍ ይጻፍ።

አንደኛ፤ ከራሱ ከሚመለከተው ቢሮ መጀመር ነው። የማኅበራዊ ድጋፍ ጉዳይ ከሆነ በወረዳችን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይኬዳል። ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ፤ ግማሽ ገጽ ይበቃል። ማን ነኝ፣ ምን ደረሰብኝ፣ ምን እጠይቃለሁ፣ አድራሻዬ ይኸ ነው፤ በቃ። ያንን በክራንች የሚመጣውን ሰው አስቡት፤ አድራሻና ስልክ ከሁሉ አስቀድሞ ይጻፍ። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንደኛው ይገባል፤ በሁለተኛው ላይ የተቀበለበት ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ይደረግበትና ከባለቤቱ እጅ ይቀመጣል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለዚህ ነው።

መልሱ «አይሆንም» ከሆነ ደግሞ «እሺ፤ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን» ይባል። ይኸ ድፍረት አይደለም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችና የአዲስ አበባና የድሬ ዳዋ ከተማ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ለሚሰጡት ውሳኔ ምክንያት እንዲያስቀምጡ ያዛል። ምክንያቱ ከተጻፈ በኋላ ስሕተት ካለበት የቱ ጋ እንደሆነ ይታያል። በቃል የተነገረ «አይሆንም» ግን እንደ ጉም ነው፤ አይጨበጥም።

ሁለተኛ፤ ከዚያው ቢሮ የቅሬታ ሰሚ ክፍል ይኬዳል። እዚያም ካልተፈታ ሁለት ተቋሞች አሉ። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደልን ይመለከታል፤ ፋይል መጥፋት፣ ያለ ምክንያት ማመላለስ፣ አድልዎ የመሳሰለውን። በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመው የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ደግሞ የመብት ጥሰትን ይመለከታል፤ የአካል ጉዳተኞችንና የአረጋውያንን መብት በተለይ የሚከታተል ክፍልም አለው። ለሁለቱም አቤቱታ ለማቅረብ ክፍያ የለም። መጻፍ የማይችል በቃሉ ሊያስመዘግብ ይችላል። ተበዳዩ ራሱ መሄድ ካልቻለ ባለቤቱ፣ ቤተ ዘመዱ፣ ወኪሉ ወይም ሌላ ሦስተኛ ሰው ሊያመለክትለት ይችላል። «ሦስተኛ ሰው» ማለት እኮ እኔና እናንተ ነን! አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከገባ በኋላ እነዚህ ተቋሞች አያዩትም። ስለሆነም የቱን መንገድ እንደምንይዝ አስቀድሞ መምከር ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፤ ነገሩ የክርክር ከሆነ፣ ማለት የውርስ፣ የቤት፣ የቀለብ፣ የሥራ ከሆነ፣ ወደ ፍርድ ቤት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ጠበቃ ለሀብታም ነው» ብሎ ይተወዋል። ተሳስቷል። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው ሳይከፍል እንዲከስ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ ፈቅዷል። ፍርድ ቤቱ የሰውየውን አቅም መርምሮ ይወስናል፤ ለዚህም ከወረዳ የሚሰጥ የድህነት ማስረጃ ይጠቅማል። በወንጀል የተከሰሰ ድሀ ደግሞ ጠበቃ በማጣቱ ፍትሕ የሚጓደልበት ሲሆን ከመንግሥት ጠበቃ እንዲያገኝ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ያዛል፤ ለዚህም በፍርድ ቤት የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት አለ።

ለፍትሐ ብሔር ጉዳይስ? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ለድሆች በነፃ ወይም በጥቂት ክፍያ እንዲያገለግል ግዴታ ጥሎበት ነበር። የጠበቆችን ማኅበር ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 1249/2013ም የነፃ አገልግሎቱን ግዴታ አላነሣም። ስለዚህ ጠበቃን «በነፃ የሚሰጡት ሰዓት አለዎት ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማዕከሎች አሏቸው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ነው። በትዳር፣ በቀለብ፣ በጥቃት ጉዳይ ለተቸገሩ ሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ ይረዳል።

የሥራን ነገር ለብቻው ልናገር። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛን በጉዳቱ ምክንያት ከሥራ ውድድር ማግለልን ከልክሏል። እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ካመጣ ቅድሚያ እንዲያገኝ አድርጓል። አሠሪውም ሥራውንና ቦታውን እንዲያመቻችለት አዟል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይኸ ነው፤ «አግልለውኛል» ብሎ የከሰሰ አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክም የለበትም፤ አለማግለሉን የሚያስረዳው አሠሪው ነው። ስለ እርሱ ሆኖ ማኅበሩም ሊከስለት ይችላል። ይህ ሕግ ተሻሽሎ ከሆነም የተሻሻለውን ጠይቀን እንያዝ። እንዲሁም በግል ድርጅት ሲሠራ የተባረረ ሰው «ወደ ሥራዬ ልመለስ» ብሎ ለመክሰስ ያለው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነው። ለሠራተኛው የዳኝነት ገንዘብ አይጠየቅበትም። ሦስት ወር ደግሞ ደጅ ሲጠና የሚያልቅ ጊዜ ነው፤ አደራ!

አራተኛ፤ የአካል ጉዳተኞች የራሳቸው ማኅበራት አሉ። የዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርና መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጀምሮ የቆዩ ናቸው። የአካል እንቅስቃሴ ጉዳት ያለባቸው፣ ከሥጋ ደዌ የተፈወሱ፣ ማየትም መስማትም የተሳናቸው፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ወላጆችም እንዲሁ ማኅበር አላቸው። እነዚህ በአንድ ፌዴሬሽን ሥር ተሰባስበዋል። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው የቱ በር እንደሚከፈት፣ የቱ እንደማይከፈት ከእኔ ይልቅ ያውቃል። አባል ያልሆነ ጎረቤት ካለን አባል እንዲሆን እናግዘው።

አምስተኛ፤ ሕክምና ነው። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔትም ሲጀመር ጀምሮ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቀጥታ ድጋፍ የሚሰጥበት ክፍል፣ ለቀረም ሰው ቅሬታ የሚያቀርብበት መንገድ ነበረው። በእንዲህ ዓይነቱ ምዝገባ ሁሉ ዝርዝሩ የሚወጣው እኛው በምንኖርበት ሰፈር ነው፤ ስለዚህ ማን እንደ ተረሳ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ይህን ሁሉ በቃል ብቻ እንዳይመስላችሁ በቅርቡ በመንደራችን የሆነውን ልንገራችሁ። ባለጉዳይዋን አስፈቅጄ ነው የምናገረው፤ ስሟን ግን አልጠራም። እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ እናት ናት። ባሏ ሞቶባታል። የ14 ዓመት ልጇ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለበት፤ ጥሎ የሚጥል በሽታም አለበት፤ መድኃኒት በየወሩ ይፈልጋል። በነፃ የጤና መድኅን ለመግባት ብዙ ጊዜ ተመላልሳለች። በሄደች ቁጥር «ዝርዝሩ ተዘግቷል» ትባላለች። አንድ ቀን በደጄ ስታልፍ ዕንባዋን አየሁ፤ ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። እኔም የሕግ ተማሪ የሆነችውን የጎረቤቴን ልጅ ይዤ አብሬያት ሄድኩ።

ተማሪዋ ግማሽ ገጽ ማመልከቻ ጻፈች። የባሏን የሞት ማስረጃና የልጁን የሐኪም ወረቀት ቅጂ አያያዝን። ጸሐፊዋ «ለዚህ ሁሉ ምን ጽሑፍ አስፈለገ?» አሉ። «ለእርስዎም ለእኛም ማስታወሻ ይሆናል» አልናቸው። ቀንና ማኅተም ተደረገበት። በዘጠነኛው ቀን ተጠራች። ለካስ በቤተሰብ መዝገቡ ላይ ባሏ በሕይወት እንዳለና ደመወዝ እንደሚያገኝ ተጽፎ ኖሯል! ከዓመታት በፊት የተሞላ ቅጽ ነው። የጠላት ሰው አልነበረም፤ የከለከላትም ሕግ አልነበረም። መዝገቡን ገልጦ ያየው ሰው ግን አልነበረም። ዛሬ ደብተሩን ይዛለች፤ ልጁ መድኃኒቱን ያገኛል።

ሁሉ ነገር ተሳካ ማለቴ አይደለም። ልጁ ትምህርት ቤት እንዲገባ የጠየቅነው ገና አልተፈታም። «ለእርሱ የሚሆን መምህር የለንም» ተብለናል። ይኸንንም በጽሑፍ አስደርገን ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አቅርበናል፤ ቀጠሮ እየጠበቅን ነው። እናቲቱ የተናገረችኝን ግን አልረሳውም። «ጋሼ፣ መድኅኑ ደግ ነው። ከመድኅኑ ይልቅ ግን ያን ቀን ብቻዬን አለመሆኔ» አለችኝ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። መጨረስም አያስፈልገውም።

ጎረቤት አጅቦ መሄድ ግን የራሱ ጥንቃቄ አለው። ያየሁትን በአጭሩ ልናገር።

ጉዳዩ የባለቤቱ ነው። አጃቢ አጃቢ ነው፤ ባለጉዳይ አይደለም። ሠራተኛው «ምን ይፈልጋል?» ብሎ እኛን ሲጠይቅ «እርሳቸውን ይጠይቁ፤ ይናገራሉ» እንበል። ዓይነ ስውር መናገር አያቅተውም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ያለችም ማሰብ አያቅታትም። መስማት የተሳነው ሰው ከሆነ ትንሽ ልጁን አስተርጓሚ አናድርግ፤ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንዲገኝ ከቀጠሮው በፊት በጽሑፍ እንጠይቅ። ቢሮው ፎቅ ላይ ከሆነም ሠራተኛው ወደ ታች ወርዶ እንዲያስተናግድ እንጠይቅ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 እንኳ ለሕዝብ የሚያገለግል ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ያ የእኔ ባለጉዳይ ሦስት ፎቅ በክራንች ሲወጣ «ቆይ፣ እኔ እወርዳለሁ» የሚለው አንድ ሰው ቢያገኝ ኖሮ!

ከደላላ ተጠንቀቁ። «ውስጥ ሰው አለኝ፤ ይህን ያህል ስጠኝ» የሚል ሰው ጉዳይ አይጨርስም፤ ገንዘብ ይጨርሳል። ከፍርድ ቤት ደጅ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ሠርተው የሚበሉ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን የጻፉትን ጮክ ብለው ሳያነቡላችሁ አትፈርሙ። ዋናውን ሰነድ ለማንም አትስጡ፤ ቅጂ ስጡ።

የጣት አሻራ ነገር ደግሞ አደራ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 ዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ ያደረገው የጣት ምልክት በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ይናገራል። ስለዚህ «እዚህ ጋ ብቻ ተጫን» የሚል ሰው ወደ ቤት ከመጣ በሩን ዝጉበት። እንዲህ ያለ ወረቀት አስቀድሞ የፈረመ ጎረቤት ካለም አፍሮ እንዳይደበቅ ንገሩት፤ ሕግ ያግዘው ይሆናል።

የሰማነውንም በየቡናው አናውራ። የሰው ሕመም፣ የሰው ድህነት፣ የሰው ትዳር በአደራ የተሰጠን ነው።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ። መረዳጃ ማኅበራችን ሦስት አጃቢዎች ይምረጥ ነው የምለው። አንዱ ወረዳና ክፍለ ከተማ የሚያውቅ፣ አንዷ ሴት ትሁን ሴቶች በነፃነት እንዲናገሩ፣ አንዱ ደግሞ ከአካል ጉዳተኛ ጎረቤቶቻችን መካከል የሚመረጥ ይሁን፤ ስለ እነርሱ ያለ እነርሱ አንወስን። ደብተር ይኑር፤ የተሄደበት ቀን፣ የተናገሩት ሠራተኛ ስም፣ የተሰጠው መልስ ይጻፍበት። ለቅጂና ለታክሲ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ከማኅበሩ ሣጥን ይመደብ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።

ትናንት ይህን ሐሳብ ለአንድ አባት ባወያያቸው «ልጄ፣ ዕድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ ከመንግሥት ቢሮ ጋር ምን አጨቃጨቀን?» አሉኝ። አከብራቸዋለሁ፤ አሁንም እዚህ ተቀምጠዋል። መልሴን በፊታቸው ልናገር። መጨቃጨቅ አይደለም፤ ሠራተኛውን ሥራውን ማገዝ ነው። የተሟላ ማመልከቻ ይዞ የሚመጣ ባለጉዳይ ለመልካም ሠራተኛ ዕረፍት ነው፤ በመዝገብ ቤት የቆየሁት እኔ ምስክር ነኝ። ስለ ቀብሩም ቢሆን፣ ሰው ሲሞትብን ሌሊት ተነሥተን ድንኳን እንተክላለን፤ ብረት ድስት እንሸከማለን፤ ሦስት ቀን እንቀመጣለን። ያ የምንቀብረው ሰው በሕይወቱ ሳለ ስንት ጊዜ «ነገ ና» እንደተባለ ግን አንጠይቅም። ለሞተው ሦስት ቀን የምንሰጥ ሰዎች በሕይወት ላለው ግማሽ ቀን አንሰጥም ወይ?

ያንን በክራንች የሚመጣውን ሰው ዛሬ ባገኘው ምን እንደምለው አላውቅም። ከየትኛው ሰፈር እንደ ሆነ ግን አስታውሳለሁ። እዚያም ሰፈር ዕድር ነበረ፤ ድንኳንም ድስትም ነበረው። አንድ ሰው አብሮት ወደ እኔ መስኮት ቢመጣ ኖሮ መሳቢያዬን እከፍት ነበር። ይኸው ነው። በእኛ ሰፈር ግን ማንም ብቻውን አይሂድ።



ከሥራ አስፈጻሚው የተሰጠ ማስታወቂያ፤ ከንግግሩ በኋላ በተደረገው ውይይት ስብሰባው ሐሳቡን ለስድስት ወር በሙከራ ተቀብሎታል። ሦስት አጃቢዎች ተመርጠዋል። ጉዳይ ያላቸው ነዋሪዎች ዘወትር ቅዳሜ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ከድንኳን ማስቀመጫችን ክፍል ቀርበው እንዲያነጋግሩ እናስታውቃለን። መምጣት የማይችል ካለ ጎረቤቱ ይንገርልን፤ እኛ ወደ ቤቱ እንሄዳለን። ወረቀት ያላችሁ ወረቀታችሁን፣ ወረቀት የሌላችሁ ራሳችሁን ይዛችሁ ኑ። «ነገ ኑ» አትባሉም።